የዎርድፕረስ አስተዳደርና ጥገና

ዎርድፕረስ በድረ ገጽ ላይ ጽሑፍ፣ ምስልና ሸቀጥ ለማውጣት የሚያገለግል ነፃ ሶፍትዌር ነው። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ቢቱ ከተባለ ቀደምት የጦማር ፕሮግራም ኮድ ተነሥተው የመጀመሪያውን እትም ግንቦት 19 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2003) አወጡ። የተጻፈው በፒ.ኤች.ፒ. ቋንቋ ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጠው በማይኤስኪውኤል ወይም በማሪያዲቢ ዳታቤዝ ነው። ለጦማር ተብሎ ቢሠራም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዉኮሜርስ በተባለው ፕለጊን አማካይነት ብዙ ትንንሽ ሱቆች ይሸጡበታል።

ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ባለቤቱ በተከራየው ሰርቨር ላይ ራሱ የጫነውን ዎርድፕረስ ነው። ዎርድፕረስ ዶት ኮም በተባለው አገልግሎት ላይ አብዛኛውን ጥገና የሚሠራው ኩባንያው ነው።

ማዘመን

ሦስት ነገሮች በየራሳቸው ጊዜ ይታደሳሉ፦ ዋናው ፕሮግራም (ኮር)፣ የገጹን መልክ የሚወስነው ቴም፣ እና ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩት ፕለጊኖች። ኮሩ ከእትም 3.7 (ጥቅምት 2006 ዓ.ም.) ጀምሮ ትንንሽ የደኅንነት እድሳቶችን ራሱ ይጭናል። ፕለጊኖችና ቴሞች ራሳቸውን እንዲያድሱ ግን ባለቤቱ ከአስተዳዳሪው ገጽ መፍቀድ አለበት፤ ይህ ምርጫ የመጣው በእትም 5.5 (ነሐሴ 2012 ዓ.ም.) ነው።

መዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት በ2009 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በእትም 4.7 እና 4.7.1 ውስጥ የነበረ ክፍተት የይለፍ ቃል የሌለው ሰው የወጣ ጽሑፍ እንዲለውጥ ያስችል ነበር። ማስተካከያው (4.7.2) ጥር 18 ቀን ወጣ፤ ስለ ክፍተቱ በይፋ የተነገረው ግን ሰዎች እስኪያድሱ ተጠብቆ ጥር 24 ቀን ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ያላደሱ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ጽሑፋቸው በሰርጎ ገቦች ተቀየረ።

እድሳቱ ራሱም ሱቅ ሊያበላሽ ይችላል። የክፍያ ፕለጊን ከአዲሱ ዉኮሜርስ ጋር ካልተስማማ፣ ገጹ ደህና መስሎ ይቆይና ደንበኛው ሊከፍል ሲል ይቆማል። ስለዚህ ከእድሳት በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ መተው አይበቃም፤ አንድ ዕቃ እስከ ክፍያው ድረስ አዝዞ መሞከር ያስፈልጋል። ቢቻል ሙከራው አስቀድሞ በድረ ገጹ ቅጂ ላይ ይደረጋል። ከእትም 5.2 ጀምሮ ከባድ ስሕተት ሲፈጠር ዎርድፕረስ ለአስተዳዳሪው በኢሜይል የመግቢያ ሊንክ ይልካል። የተመዘገበው ኢሜይል ድረ ገጹን ሠርቶ የሄደው ባለሙያ ከሆነ ግን ሊንኩ የሚደርሰው ለእሱ ነው። በዚህ ጊዜ በሆስቲንጉ የፋይል ማስተዳደሪያ ገብቶ የፕለጊኑን ፎልደር ስም መቀየር ፕለጊኑን ያጠፋዋል።

ምትኬ

የዎርድፕረስ ድረ ገጽ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ምስሎች፣ ቴምና ፕለጊኖች በፋይል መልክ ሲሆኑ፣ ጽሑፎች፣ ዋጋዎች፣ ትእዛዞችና የደንበኞች አድራሻ በዳታቤዙ ውስጥ ናቸው። ጀማሪዎች ፋይሎቹን ብቻ አውርደው ምትኬ የያዙ ይመስላቸዋል። በዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ምትኬም ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። ሌላም የማይጠበቅ ነገር አለ፦ ዎርድፕረስ በቀጠሮ የተያዙ ሥራዎችን የሚጀምረው ጎብኚ ሲመጣ ስለሆነ፣ ለሌሊት የታዘዘ ምትኬ ጠዋት የመጀመሪያው ጎብኚ እስኪገባ ሊቆይ ይችላል።

ለሱቅ ከባዱ ነገር ምትኬን መመለሱ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የተያዘ ዳታቤዝ በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢመለስ፣ በመካከሉ የገቡት ትእዛዞች በሙሉ ይጠፋሉ። ደንበኞች ከፍለዋል፤ ሱቁ ግን ማን ምን እንዳዘዘ አያውቅም። ስለዚህ ከመመለስ በፊት የተበላሸውንም ዳታቤዝ ቢሆን ቀድቶ ማስቀመጥ፣ የጎደሉትን ትእዛዞች ደግሞ ከኢሜይል ማሳወቂያዎችና ከክፍያ ድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይገባል። የተበላሸው ፋይል ብቻ ከሆነ ዳታቤዙን ጨርሶ አለመንካት ይሻላል።

የመግቢያ መብት

የዶሜይን ስሙና የሆስቲንግ ውሉ በንግዱ ባለቤት ስም መመዝገብ አለባቸው። በባለሙያው ስም ከተመዘገቡና ሁለቱ ከተጣሉ፣ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መያዙ ብዙም አይረዳም። ጽሑፍ ብቻ ለሚያዘጋጅ ሠራተኛ የአስተዳዳሪነት ሳይሆን የአርታኢነት መብት ይበቃዋል። የሚሸጥ ፕለጊን ተሰብሮ በነፃ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጎጂ ኮድ ይኖረዋል።

የአማርኛ ርዕስና አድራሻ

ዎርድፕረስ የእያንዳንዱን ጽሑፍ አድራሻ ከርዕሱ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩ.ቲ.ኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፤ በአድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። የተፈቀደው ርዝመት 200 ምልክት በመሆኑ የአማርኛ ርዕስ 22ኛው ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጣል። ሊንኩ ከብራውዘር ተገልብጦ ሲላክም የማይነበብ የቁጥርና የመቶኛ ምልክት ድርድር ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በላቲን ፊደል አጭር አድራሻ መስጠት የተለመደ ነው። ከወጣ በኋላ ቢቀየር፣ ዎርድፕረስ የጦማር ጽሑፎችን የቀድሞ አድራሻ አስታውሶ ጎብኚውን ወደ አዲሱ ይመራል፤ እንደ «ስለ እኛ» ላሉ ቋሚ ገጾች ግን ይህን አያደርግም፤ የድሮው ሊንክ «ገጹ አልተገኘም» ወደሚል መልእክት ይወስዳል።