መቅዘፊያና ቀዛፊው

(በሬዲዮ ከተነገረው)



በማለዳ ከየካ አባዶ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ሐይቅም ታንኳም አያገኝም። ስለዚህ ዛሬ ስለ መቅዘፊያ እንነጋገር ብንለው ነገሩ ከሥራው እጅግ የራቀ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን «ይህን ነገር እንዴት አድርገን ብናሻሽለው ይበጃል?» የሚለው ጥያቄ በየጠረጴዛችን ላይ በየዕለቱ የሚቀርብ ስለ ሆነ፣ ከዚህ አነስተኛ መሣሪያ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለሁላችንም ይጠቅማል።

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ነው። በአሠራሩም ይልቁንም ነገደ ወይጦ የተባሉት የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይሠራል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድም ከሥራ መልስ ወደ ዳር ተስቦ በፀሐይ እንዲደርቅ ይደረጋል። ቀዛፊው ብዙ ጊዜ በእጁ የሚይዘው ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉም እንደ ሌላው ጀልባ መቅዘፊያ የሰፋ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ተመልካች ይህን ባየ ጊዜ «እነዚህ ሰዎች ደኅና መቅዘፊያ መሥራት አላወቁም» ለማለት ይቸኩል ይሆናል። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ምክንያቱ ይገለጥለታል። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ያው አንድ ዘንግ በዳር በዳሩ መሬቱን እየተጫነ ታንኳውን ይገፋል፤ ውሃው ሲጠልቅ በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ ይቀዝፋል፤ በደንገሉ መካከልም ሳይያዝ ያልፋል።

ይህን አቀዛዘፍ ለማሻሻል ያሰበ ሰው አልታጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳርቻ በነበሩ ጊዜ፣ በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ ለመምሰል፣ ከደንገል በተሠሩ ትልልቅ ጀልባዎች ጎን በሰው እጅ የሚሽከረከር መንኮራኩር አስገጥመው ነበር። ይህንንም ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የመጣው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ ጽፎታል። ሐሳቡ ንጉሠ ነገሥቱ ለሥልጣኔ የነበራቸውን ብርቱ ምኞት የሚያሳይ ነው። ሆኖም ዓሣ አጥማጁና እንጨት ነጋዴው ዘንጋቸውን አልጣሉም፤ የብዙ ሰው ክንድ የሚፈልግ መሣሪያ ብቻውን ለሚቀዝፍ ድኻ አይሆነውምና።

ከእኛ እጅግ ርቀው በግሪንላንድ የሚኖሩት ኢኑይቶች ደግሞ ካያክ የምትባለውን በቆዳ የተለበጠች ጠባብ ጀልባ ለአደን ሠርተዋል። በአገራቸው ትልልቅ ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ባሕር እየነዳ የሚያመጣላቸውን እንጨት ይጠቀሙ ነበር። መቅዘፊያቸው በሁለት ወገን የሚቀዝፍ ሲሆን፣ ሁለቱም ጫፎች በመዳፍ የሚጨበጡ ጠባቦች ናቸው። ርዝመቱም በባለቤቱ አካል ይለካል። የታወቀው ልማድ ሁለት እጅ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ በሚገኘው ርዝመት ላይ አንድ ክንድ መጨመር ነው። በክንድና በስንዝር ሲለካ ለኖረ እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ጠባብ መሆኑ ቀኑን ሙሉ ለሚቀዝፈው አዳኝ ትከሻውን ያሳርፍለታል፤ ነፋስም በቀላሉ አይጠልፍበትም።

የካያክ እሽቅድምድም በ1928 ዓ.ም. ወደ በርሊን ኦሊምፒክ ከገባ ወዲህ ግን ከሁሉ በላይ ፍጥነት ተፈለገ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ስዊድናውያን ጫፉ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የጎበጠ መቅዘፊያ ሠሩ። ውሃውን ሳያመልጠው አጥብቆ ስለሚይዝ ለተወዳዳሪ እጅግ የተሻለ ሆነ። በማዕበል መካከል ሚዛኑን በመቅዘፊያው ለሚጠብቅ አዳኝ ግን ጠባቡ ይሻለዋል። እንግዲህ ሁለቱም የተሻሉ ናቸው፤ የተሻሉት ግን ለየባለቤታቸው ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በታጨደ ደንገል «ራ» የተባለችውን ጀልባ በግብፅ አሠርቶ፣ ከሞሮኮ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለመሻገር ሞከረ። ጉዞው ገና እንደ ተጀመረ ጀልባዋን የሚመሩት ትልልቅ መቅዘፊያዎች ተሰበሩ። ከዚህ የባሰው ጉዳት ግን ከአንዲት ገመድ የተነሣ ነበር። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ፣ ከጀልባው ኋላ ጎብጦ ከቆመው ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ጥቅሙ ስላልታወቀ ሳይደረግ ቀረ። የራም ኋላ ቀስ በቀስ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ሄዶ ባርቤዶስ ሳትደርስ ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት ጉድለቱ ታርሞ የተሠራችው ሁለተኛዪቱ ራ ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ይህን ስንል የቆየ ነገር ሁሉ አይነካ ማለታችን አይደለም። የጣና ቀዛፊም ነፋስ ሲነሣበት ይደክማል፤ ቀላልና ርካሽ የሆነ፣ ከውሃውና ከጉልበቱ ጋር የሚስማማ መቅዘፊያ ቢያገኝ በደስታ ይቀበላል። ስለዚህ ማረሻም ቢሆን፣ ምድጃም ቢሆን፣ ባለጉዳይ የሚሞላው ቅጽም ቢሆን፣ አንድን ነገር ለማሻሻል ብዕሩን የሚያነሣ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ዕቃውን የሚይዘው ማን ነው? የሚሠራበት ስፍራ እንዴት ያለ ነው? ያለው ቅርፅ እንዲህ የሆነው በምን ምክንያት ነው? የእነዚህን መልስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ዘንጉን የያዘው ሰው ነው። እርሱ ሳይጠየቅ የተጻፈ ዕቅድ በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ ውሃ ላይ የወረደ ዕለት ይገለበጣል።