ጥርጣሬዋን ከልጆቿ ያልደበቀች እናት

እናት ለልጆቿ ቤት፣ መሬት ወይም ጌጥ ልታወርስ ትችላለች። አን ብራድስትሪት ለስምንት ልጆቿ ካወረሰችው ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ደብዳቤ ነው። በሞት አልጋ ላይ ሆና ለመናገር ዕድል እንዳታጣ ሰግታ፣ ከጌታ ጋር የተጓዘችበትን መንገድ ቀደም ብላ በወረቀት አሰፈረችላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አን በ1612 በእንግሊዝ አገር በኖርዝሃምፕተን ተወለደች። አባቷ ቶማስ ደድሊ የአንድ ታላቅ መኳንንት ንብረት አስተዳዳሪ ነበር። ሴት ልጆች ከፍ ያለ ትምህርት በማያገኙበት በዚያ ዘመን፣ እርሷ በመኳንንቱ ቤት ያሉትን መጻሕፍት እያነበበች አደገች። በ16 ዓመቷ ገደማ ፈንጣጣ ያዛት፤ ከዳነች በኋላ ሳይመን ብራድስትሪትን አገባች። ቤተሰቡ ፒዩሪታን ነበር፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እንደ እግዚአብሔር ቃል እንድትታደስ ይፈልጉ ነበር። በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ዘመን ጫናው ሲበረታባቸው፣ በ1630 አርቤላ በተባለች መርከብ ተሳፍረው ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገሩ።

የጠበቃቸው ረሃብና ሞት ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ከመጡት ሰፋሪዎች ሁለት መቶ ያህል ሞቱ። የቅኝ ግዛቱ ምክትል ገዥ የነበረው አባቷ እንኳ ጠረጴዛ አልነበረውም። በዚያ ክረምት እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቤተሰቡ በዚያችው ክፍል ስለሚሰበሰብ ሊጽፍ ያሰበው ይጠፋበት እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። አንም አዲሱን አገርና አዲሱን ልማድ ስታይ ልቧ እንዳመፀ፣ መንገዱ የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ስታምን ግን እንደ ተገዛች ለልጆቿ ጽፋለች።

ያቺ ምድር ባዶ አልነበረችም። ፒዩሪታኖቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ ከ1616 እስከ 1619 ባለው ጊዜ፣ ከአውሮፓውያን ጋር የመጣ ወረርሽኝ የአገሬውን ሕዝብ ፈጅቶት ነበር። በኋላ የአን ቤት የቆመበት የአንዶቨር መሬት፣ ከትሻማኪን ከተባለ የማሳቹሴት ሕዝብ አለቃ በስድስት ፓውንድና በአንድ ኮት የተገዛ ነው። ገዥው የአን እኅት ባል ጆን ውድብሪጅ ነበር። የእምነት ታሪክ ስናነብ ይህንንም አብረን ማንበብ አለብን።

አን ልጆች እያሳደገች ግጥም ትጽፍ ነበር። ይህ በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ገዥው ጆን ዊንትሮፕ በ1645 ስለ አንዲት ሴት ሲጽፍ፣ አእምሮዋ የተናወጠው ንባብና ጽሕፈት ስላበዛች ነው ብሎ ነበር። ያም ሆኖ ውድብሪጅ የአንን ግጥሞች ሳታውቅ ለንደን ወስዶ በ1650 አሳተማቸው።

ለልጆቿ የጻፈችው ደብዳቤ ግን ለሕትመት የታሰበ አልነበረም። በውስጡም ከአንዲት የቅኝ ግዛት ባለ ሥልጣን ልጅና ሚስት የማይጠበቅ ነገር አለ። በእርግጥ እግዚአብሔር አለ? ያነበብኳቸው ተአምራት ፈጠራ ቢሆኑስ? ቅዱሳት መጻሕፍት እውነት መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ደጋግመው እንደ ተፈታተኗት ሳትሸሽግ ነገረቻቸው። የሰማይንና የምድርን ሥርዓት፣ የቀንና የሌሊትን መፈራረቅ ስትመለከት ፈጣሪ መኖሩን እንደምትረዳ፣ በመጨረሻም ወደ ክርስቶስ ተመልሳ በእርሱ ላይ እንደምታርፍም ጻፈች።

ያ እምነት በእሳት ተፈተነ። በጁላይ 10 ቀን 1666 ሌሊት ቤቷ ተቃጠለ። ባዘነችበት ግጥም፣ በፍርስራሹ አጠገብ ስታልፍ ሣጥኗ የነበረበትን፣ እንግዶቿ የበሉበትን ጠረጴዛ ታስባለች። እንባዋን አልደበቀችም። ከዚያ ግን፣ እንደ ኢዮብ፣ የሰጠውም የወሰደውም እርሱ መሆኑን ለልቧ ታስታውሰዋለች። ከዚህ እሳት በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት ሦስት ሕፃናት የልጅ ልጆቿን ቀበረች፤ ለእነርሱም በጻፈችው ግጥም ኀዘኗ ይሰማል። በ1672 ዐረፈች።

ወጣቶች ሆይ፣ በኅብረታችን ምስክርነት ስንሰጥ ብዙ ጊዜ ያሸነፍነውን ብቻ እንናገራለን። ጥያቄ ያለበት ወንድም ወይም እኅት ግን ከኋላ ተቀምጦ፣ እንዲህ የሚያስበው እርሱ ብቻ ይመስለዋል። አንዳንዱም ዝም እንዳለ ይወጣና አይመለስም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። አን ጥያቄዋን ወደ ጸሎት፣ ወደ ቃሉና ወደ ልጆቿ አመጣችው። ስለዚህ በሚቀጥለው የኅብረት ቀን ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ፈልጉት። ጥያቄ የያዛችሁም ብትሆኑ፣ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ።