የመንገዱ ልጅ፦ «የጣሊያን ቤት» በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር

በጎጃም ከተሞች «የጣሊያን ቤት» የሚባለው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ወይም የዚያን ዘመን አሠራር ተከትሎ በድንጋይ ተገንብቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ዘመኑን «ቅኝ ግዛት» ማለት ግን ለዚህ አገር አይስማማም፤ ቅኝ ግዛት የሚባለው በግብሩ፣ በዳኝነቱና በሰፋሪው የጸና አስተዳደር ሲሆን፣ በቡሬና በዙሪያዋ የነበረው ከምሽጉ ርቆ ለመሄድ አጀብ የሚያስፈልገው የጦር ሰፈር ነበርና። የቤቱም ቅርስነት መታየት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው።

በዚህ በዳሞት አገር የገበሬ ቤት ክብ ጎጆ ነው። ግድግዳው በቋሚ እንጨትና በማገር ተሰናስሎ፣ ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ጣሪያው በሣር ይከደናል፤ ሥራውም አብዛኛውን ጊዜ በደቦ፣ ማለትም ጎረቤት ለጎረቤት ተራ በተራ ያለ ክፍያ በሚሰጠው ጉልበት ይከናወናል። ዕቃው ሁሉ ከደጅ ስለሚገኝ ጎጆ የትም ሊቆም ይችላል። የጣሊያን ቤት ግን ድንጋይ ጠራቢ፣ ኖራ ወይም ሲሚንቶ፣ ከሩቅ የሚመጣ ቆርቆሮና ይህን ሁሉ የሚያደርስ የጭነት መኪና ይፈልጋል። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ በደምበጫና በቡሬ አልፎ ወደ ዳንግላ የሚያወጣውን መንገድ ተከትሎ ተሠራ እንጂ ወደ ገጠሩ ዘልቆ አልገባም፤ የመንገዱ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያልዘለቀበት ሌላው ምክንያት አመፁ ነው። ጣሊያኖች የገበሬውን ጠመንጃ ለመግፈፍ መነሣታቸው አገሩን ስላስቆጣ፣ በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በአንድነት ተነሣ። ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በቡሬና በዳሞት፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በዳንግላ በኩል፣ በላይ ዘለቀ ደግሞ በቢቸናና በዓባይ በረሃ ጠላትን ፋታ ነሡት፤ ጦሩም ወደየምሽጉ ተሰበሰበ። ባንዳ፣ ማለትም ከአገሬው ተመልምሎ ለጠላት ያደረው ታጣቂ፣ ባይኖር ኖሮ በመንገዱ ላይ መመላለስ እንኳ ይከብደው ነበር። እንግዲህ በምሽግ ታጥሮ የተሠራ ቤት የሠሪውን ኃይል ሳይሆን ፍርሃቱን ይመሰክራል።

ምስክርነቱ የተረጋገጠው በ1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራውና በመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ስም የተጠራው አነስተኛ ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ቡሬን ማጥቃት ጀመረ። በቁጥር እጅግ ይበልጥ የነበረው የጣሊያን ጦር በአዛዡ በኮሎኔል ናታሌ መሪነት የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው መንገድ ላይ ያለችው ወጀት «ፍኖተ ሰላም»፣ በግዕዝ የሰላም መንገድ፣ የተባለችው ከዚህ ጉዞ ጋር በተያያዘ ነው። በመንገዱ የመጣው ቤት ባለቤቱን በዚያው መንገድ ሸኘ።

ከነጻነት በኋላ በየከተማው የቀሩት እንዲህ ያሉ ቤቶች መሥሪያ ቤትና መኖሪያ ሆኑ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲታወጅ ደግሞ፣ ከግለሰብ እጅ የተወረሰው ሁሉ በአነስተኛ ኪራይ የሚያዝ የመንግሥት ወይም የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ፣ ቀበሌው ኪራዩ ስለማይበቃው፣ ጣሪያውን የሚጠግን ጠፋ። በአዲስ አበባ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ ስሙን ያገኘው ካዛንቺስ፣ ሰፊው ክፍሉ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ተጽፎለታል፤ በወረዳ ከተማ የሚፈርሰው ግን ፎቶግራፍ እንኳ አይነሣም።

የጠላት ሥራ ለምን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ ከንቀት የመጣ ስላልሆነ መልስ ይገባዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚመዝነው በሚሰጠው ምስክርነት እንጂ በሠሪው ማንነት አይደለም። ምሽጉና ቤቱ ከሌሉ የነጋሽ በዛብህ ዘመቻ ቦታ የሌለው ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም ይጠበቅ ማለት ግን አይደለም፤ የሚፈርሰውም ቢሆን አስቀድሞ ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ድንጋዩን ማን እንደተሸከመ የሚያውቁ አዛውንት ቃላቸው ይመዝገብ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ከተማ አስተዳደሮች ይህን ለማድረግ ሜትር፣ ካሜራና አንድ ትጉህ የታሪክ መምህር ይበቃቸዋል።