ኪንታሮት፦ ከቀዶ ጥገና በፊት ገበታችንን እናስተካክል



ኪንታሮት ብዙዎች የሚታመሙት፣ ጥቂቶች ግን የሚናገሩት ችግር ነው። ሐያእ ይዞት ለቤተሰቡ እንኳ ሳይነግር ዓመታት የሚቆይ አለ። ሲብስበት አንዱ «እንነቅላለን» ወደሚሉ የመንደር ሰዎች ይሄዳል፤ ሌላው «መፍትሔው መቀደድ ብቻ ነው» ብሎ ፈርቶ ይቀመጣል። በጅምሩ ላይ ያለ ኪንታሮት ግን አብዛኛውን ጊዜ አመጋገብንና የመጸዳጃ ልማድን በማስተካከል ይሻላል።

ኪንታሮት ምንድን ነው?

በፊንጢጣ ውስጥና ዙሪያ የደም ስር ያለባቸው ለስላሳ ክፍሎች በሁላችንም ዘንድ አሉ። እነዚህ ሲያብጡና ወደ ታች ሲወርዱ ኪንታሮት እንላቸዋለን። ዋና መነሻው የሆድ ድርቀትና ማማጥ ነው። እርግዝና፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና የቆየ ተቅማጥም ያባብሱታል።

የውስጥ ኪንታሮት 4 ደረጃዎች አሉት፦

1ኛ፦ ይደማል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም።
2ኛ፦ በማማጥ ጊዜ ይወጣል፣ በራሱም ይመለሳል።
3ኛ፦ በእጅ ካልተገፋ አይመለስም።
4ኛ፦ ቢገፋም አይመለስም።

በገበታችን ላይ ምን እንለውጥ?

ሰገራን የሚያለሰልሰው አሰር (ፋይበር) ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ይመከራል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻውን ወደ 15 ግራም አለው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ገብስ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ አቮካዶና ፓፓያም ጥሩ ምንጮች ናቸው። ነጭ ዳቦን፣ ፓስታንና ሩዝን ቀነስ አድርጎ እንጀራን በምስር ወይም በጎመን መብላት ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አሰሩን በአንድ ቀን አትጨምሩ፤ ሆድ ይነፋል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ፣ ከበቂ ውሃ ጋር ጨምሩ። ያለ ውሃ አሰር ብቻውን ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል። ውጤቱን ለማየት እስከ 6 ሳምንት ታገሱ።

በርበሬ በሽታውን ያመጣል የሚል ወሬ በሰፊው ቢኖርም ዋናው ምክንያት ድርቀት ነው። የሚያቃጥለው ሰው ግን ቢቀንስ ይሻለዋል። ጫት ሆድን ያደርቃል፤ በየመን የተደረገ ጥናትም ለረጅም ጊዜ በቃሙ ሰዎች ላይ ኪንታሮት በብዛት እንደሚታይ አሳይቷል። ምግቡን እያስተካከለ መቃሙን የቀጠለ ሰው በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው ያፈርሳል።

የመጸዳጃ ልማድ

ሰገራ ሲመጣ አታዘግዩት። ስልክ ይዞ መቀመጥ አይገባም፤ በወስዋስ ምክንያት «አልጨረስኩም» እያሉ ደጋግሞ ማማጥም እንዲሁ ይጎዳል። ኢስቲንጃ በውሃ በቀስታ ማድረግ ቁስሉን ከሚፍቅ ደረቅ ወረቀት ይሻላል። ሕመም ሲኖር ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ያስታግሳል።

በረመዳን

ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለውን ሰዓት ለውሃ እንጠቀምበት፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየመሐሉ። ሳምቡሳውን ቀንሶ ሹርባና ቴምር፣ ለሱሑር ደግሞ የገብስ ቂንጬ ወይም ተልባ መውሰድ ይረዳል። ደሙ የበዛበት ወይም በጣም የተዳከመ ሰው ሐኪሙን ያማክር፤ ለታመመ ሰው ሸሪዓው ሩኽሷ ሰጥቷል።

ወደ ሐኪም መቼ?

ደም ያየ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመርመር፤ የአንጀት ካንሰርም ደም ያሳያልና «ኪንታሮት ነው» ብሎ ራስን ማሳመን አደገኛ ነው። በተለይ ሰገራ ከጠቆረ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ የሰገራ ልማድ ለሳምንታት ከተለወጠ፣ ማዞርና ድካም ከመጣ፣ ወይም ከባድ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከተሰማ አትዘግዩ።

በአመጋገብ ካልተሻለ ደግሞ ከቢላ በፊት ሌላ ደረጃ አለ፤ ሐኪሙ የውስጡን ኪንታሮት በትንሽ ላስቲክ አስሮ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ቀዶ ጥገና በአብዛኛው ለ3ኛና ለ4ኛ ደረጃ የሚቀመጥ ነው። ሲያስፈልግም የሚፈራ አይደለም፤ የሚፈራው በመንደር መድኃኒት መቃጠልና መቆረጥ ነው። እሱ ኢንፌክሽን፣ ከባድ መድማትና የፊንጢጣ መጥበብ ያስከትላል።

ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ሐያእም ከሕክምና እንዲያስቀረን አልታዘዘም። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።