የሲያትል ዳገትና የስትሮክ ሕሙማን

የሰው ልብና ሳንባ በከፍተኛ ጥረት ጊዜ ምን ያህል ኦክስጅን ለጡንቻ እንደሚያደርሱ የመለካቱ ጥበብ የጀመረው ከበሽተኛ ሳይሆን ከሯጭ ነው። እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂልና ባልደረባው ሃርትሊ ሉፕተን እ.ኤ.አ. በ1923 ሂልን ራሱን ጨምሮ ሰዎችን አስሩጠው፣ የሚተነፍሱትን አየር በከረጢት ሰበሰቡ። ፍጥነቱ ቢጨምርም የኦክስጅን ፍጆታው ከአንድ ጣሪያ እንደማያልፍ አሳዩ። የታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ጣሪያ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በደቂቃ ከ70 ሚሊ ሊትር በላይ መሆኑን የእኛ ሰው ከስፖርት ዘገባ ሳይሰማው አይቀርም።

ይህንን የሯጭ መለኪያ ወደ ሕሙማን ካመጡት ሰዎች መካከል ስሙ የገነነው ሮበርት ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1950 ከታኮማ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሲያትል መጥቶ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን የልብ ሕክምና ክፍል መምራት ጀመረ። ከእርሱ በፊት የነበረው የተለመደ ፈተና የአርተር ማስተር ባለ ሁለት ደረጃ ምርመራ ነበር፤ በሽተኛው ትንሽ መወጣጫ እየወጣ ይወርድና ከዚያ በኋላ ልቡ ይታያል። ብሩስ ግን ልብን ማየት የፈለገው ሥራ ላይ እያለች ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበረው መሐንዲስ ዌይን ኩዊንተን ለሆስፒታል የሚመች ቀላል ትሬድሚል ሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመው የብሩስ ሥርዓት በየሦስት ደቂቃው ፍጥነትንም ዳገትንም ይጨምራል። የመጀመሪያው እርከን በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ 10 በመቶ ዳገት ነው። ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት በማሽን ላይ የተራመደ አባት ወይም እናት ያለው አንባቢ፣ ወላጁ የወጣው ዳገት ምናልባት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው የሲያትል የልብ ጥናትም በከተማዋ የሚገኙ ሆስፒታሎችንና ሐኪሞችን በአንድ ፈተና አስተሳስሮ፣ የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር እንዲቻል አደረገ።

ይህ ፈተና በስትሮክ ሕሙማን ፊት ሲቀርብ ግን አንድ ቀላል ስሌት ያደናቅፈዋል። የመጀመሪያው እርከን ብቻ ለአንድ ኪሎ ግራም በደቂቃ 16 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠይቃል። ካናዳውያኑ ማሪሊን ማክኬይ-ላየንስና ሊዲያ ማክሪዲስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ስትሮክ ከያዛቸው አንድ ወር ገደማ የሆናቸው ሕሙማን አማካይ ጣሪያ 14.4 ነበር፤ ይህም ከጤናማ እኩያ የሚጠበቀው 60 በመቶ ያህሉ ነው። እንግዲህ ለልብ ሕሙማን መንደርደሪያ የሆነው እርከን ለብዙዎቹ የስትሮክ ሕሙማን ከጣሪያቸው በላይ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሕሙማኑን ክብደት በከፊል በማንጠልጠያ ደግፈው፣ የሚተነፍሱትን ጋዝ በቀጥታ መለካት ነበረባቸው።

ለምን እስከዚያ ዘገየ? በእኔ አስተያየት መሣሪያ ከማጣት ይልቅ ፍርሃት ይበልጥ ተጠያቂ ነው። በበርታ ቦባት የተመሠረተው፣ ለአሥርት ዓመታት በስትሮክ ተሃድሶ ላይ የነገሠው የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ብርቱ ጥረት የጡንቻን መገታተር ያባብሳል ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ያንን ፍርሃት የሸረሸሩት ጥቂት ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የካትሊን ፖተምፓ ቡድን አንድ ጎናቸው የሰነፈ 42 ሰዎችን ወስዶ ከፊሉን ለ10 ሳምንታት ብስክሌት አስነዳ፤ የነዱት ሰዎች የኦክስጅን ጣሪያ ከፍ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በባልቲሞር ሪቻርድ ማኮና ባልደረቦቹ የትሬድሚል ልምምድ የአካሄድን የኃይል ወጪ እንደሚቀንስ አሳዩ። ይህ ሁለተኛው ግኝት ለሕይወት የቀረበ ነው። አንድ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ለዚያው ርቀት ከጤነኛ ይበልጥ ኦክስጅን ያወጣል፤ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ወጪው ከፍ ሲል ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት መሄድም ያደክማል።

የመለካቱም ችግር የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በትሬድሚል ላይ በቆየበት ደቂቃ የአንድን ሰው ጣሪያ የሚገምቱት ቀመሮች የጤነኛን አካሄድ ይገምታሉ። የማሽኑን መደገፊያ የጨበጠ ሰው በአንጻሩ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ የበረታ ሆኖ ይታያል። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የልብ ምትን ማስላትም ለግፊት የሚሰጡ ቤታ ብሎከር መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው አይሠራም።

የፖሊሲው ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። የአሜሪካው መዲኬር የልብ ድካም ያጋጠመውን ሰው ለ36 ክፍለ ጊዜ በክትትል የሚሰጥ የልብ ተሃድሶ ይከፍልለታል። ስትሮክ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሁለቱ በሽታዎች ከአንድ ደም ግፊት፣ ከአንድ ስኳር፣ ከአንድ የተጎዳ የደም ሥር ብዙ ጊዜ ቢወለዱም። የስትሮክ ሕመምተኛ ፊዚዮቴራፒ ያገኛል፤ እርሱ በአብዛኛው ክንድን፣ ሚዛንንና ርምጃን ያሠለጥናል እንጂ ልቡን አይጠይቅም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የስትሮክ ሕሙማን ብርቱ እንቅስቃሴ ያድርጉ የሚል ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2014 ቢያወጣም፣ የክፍያ ዝርዝሩ አልተከተለውም።

በኢትዮጵያ የጋዝ መለኪያ ማሽን በየሆስፒታሉ ይገኝ ዘንድ መጠበቅ አይቻልም። የቀረው የስድስት ደቂቃ ርምጃ ነው፦ 30 ሜትር ቀጥ ያለ ኮሪደር፣ ሰዓት፣ ሁለት ምልክት። ርካሽ ነው፤ በስትሮክ ሕመምተኛ ላይ ግን ውጤቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ከልብ ይልቅ እግርና ሚዛን ነው። ስለዚህ አንድ የሕክምና ጣቢያ ኮሪደሩን በሚገባ ቢጠቀምበትም፣ ያገኘው ሜትር የአካሄድ ለውጥ መከታተያ እንጂ የልብ ብርታት ማስረጃ እንዳልሆነ በመዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት።