አፖማቶክስ ካውንቲ

አፖማቶክስ ካውንቲ በዩናይትድ ስቴትስ በቨርጂኒያ ግዛት መካከለኛው ደቡብ ክፍል የሚገኝ የገጠር ካውንቲ ነው። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ሲሆን የመሬት ውል፣ ኑዛዜና የጋብቻ ፈቃድ የሚመዘገቡት በፍርድ ቤቱ ነው። ስሙን ያገኘው እዚያ ከሚነሣው የአፖማቶክስ ወንዝ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ወደ 16,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ነበሩት።

ታሪክ

ካውንቲው በ1845 እ.ኤ.አ. ከቡኪንግሃም፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ፣ ሻርሎትና ካምቤል ካውንቲዎች ተቆርሶ ተመሠረተ። ክሎቨር ሂል የተባለችው መንደርም ዋና ከተማው ሆነች። ኢኮኖሚው በትምባሆ እርሻ ላይ የቆመ ነበር፤ በ1860 እ.ኤ.አ. ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባርነት ይኖር ነበር።

በኤፕሪል 9 ቀን 1865 እ.ኤ.አ. የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ እጁን ለጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት የሰጠው በዚህች መንደር ነው። መንደሯ «አፖማቶክስ ፍርድ ቤት» ትባል ስለነበር ብዙዎች ርክክቡ በችሎት አዳራሽ የተደረገ ይመስላቸዋል። ዕለቱ የሆሳዕና እሑድ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ዝግ ነበር፤ ጄኔራሎቹ የተገናኙት በዊልመር ማክሊን መኖሪያ ቤት ነው። ለተሸነፉት ወታደሮች ወደ 28,000 የሚሆኑ የይለፍ ወረቀቶች እዚያው ታተሙ። የወታደሮቹ ስም ዝርዝር ዛሬ ለዘር ሐረግ ፈላጊዎች ጠቃሚ ነው፤ ግን አብዛኞቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ በመሆናቸው ስለ ካውንቲው ነዋሪ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ቃጠሎው

በ1892 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ከነመዛግብቱ ተቃጠለ። ከ1845 ጀምሮ የተጻፉት ውሎች፣ ኑዛዜዎችና የክስ መዝገቦች ከሞላ ጎደል ጠፉ። ሕንጻው በቦታው አልተሠራም፤ የካውንቲው መቀመጫ ባቡር ጣቢያ ወዳለበት ወደ ዛሬው የአፖማቶክስ ከተማ ተዛወረ፤ የቀድሞዋ መንደርም ተዳከመች። አሁን ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ስትሆን፣ ጎብኚ የሚያየው የማክሊን ቤትም ሆነ ፍርድ ቤት በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው።

ችግሩ ይህ ብቻ አይደለም። ከ1845 በፊት የአካባቢው ሰፊ ክፍል ይመዘገብበት የነበረው የቡኪንግሃም ፍርድ ቤትም በ1869 እ.ኤ.አ. ተቃጥሏል። የ1890ው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በ1921 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ በተነሣ እሳት ምክንያት ለትውልድ አልተረፈም።

የዘር ሐረግ ምንጮች

የተረፈው የተረፈው በግብር ምክንያት ነው። የቨርጂኒያ ግብር ገማቾች የመሬትና የንብረት ግብር መዝገቡን አንድ ቅጂ ለካውንቲው፣ ሌላውን ሪችመንድ ለሚገኘው የግዛቱ ሒሳብ ሹም ይሰጡ ነበር። የሪችመንዱ ቅጂ በቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አንድ ገበሬ ዘንድሮ በመዝገቡ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ በልጆቹ ስም ከተከፋፈለ፣ ኑዛዜው ቢቃጠልም አባትየው መቼ እንደሞተና ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ መገመት ይቻላል። ከ1853 እስከ 1896 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡ ልደቶችና ሞቶችም ቅጂያቸው ለግዛቱ ይላክ ነበር።

በባርነት ለነበሩ ሰዎች ዘሮች ፍለጋው እጅግ ይከብዳል። የ1850 እና የ1860 የባሪያ ቆጠራ የባለቤቱን ስም ጽፎ በሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ያሰፍራል። ጥቁር ነዋሪዎች ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ከ1870 ስም ተነሥቶ፣ ነጻ የወጡ ወንዶች መግባት በጀመሩበት የግብር መዝገብ አልፎ ወደ ቀድሞው ባለቤት ይደርሳል፤ ከዚያ የዚያን ቤተሰብ ወረቀቶች ይፈትሻል። የባለቤቱ ኑዛዜ ባሪያዎቹን በስም መዘርዘሩ የተለመደ ነበር፤ በአፖማቶክስ የተቃጠለው ግን በዋናነት እሱ ነው።