የዊሊያምስበርግ ሙታን

በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው በዊሊያምስበርግ ከተማ ፀሐይ ስትጠልቅ ፋኖስ ያንጠለጠለ መሪ ከፊት እየቀደመ፣ የአገር ጎብኚው ጭፍራ ከኋላው እየተከተለ ጥንታዊውን ጎዳና መዞር ይጀምራል። መሪው በየደጃፉ ይቆማል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በዚህ መስኮት አንዲት ሴት ትታያለች፣ በዚያ ደረጃ ላይ ባለቤቱ የማይታይ ኮቴ ይሰማል፣ በወዲያኛው ክፍል ሌሊት ሌሊት ለቅሶ አለ ይላል። ሰሚው ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ነውና መፍራት ይወዳል። ጉብኝቱ ሲያበቃም ፍርሃቱን ከደጃፉ ጥሎ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ተረት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዳሩ ግን ከተማዋ የትኞቹን ሙታን በተረቷ እንደምታነሣ፣ የትኞቹን እንደምትተው፣ ያነሣቻቸውንም በምን መልክ እንደምታቀርብ መመርመር ከተረቱ ይበልጥ ቁም ነገር አለው።

ዊሊያምስበርግ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የቨርጂኒያ ዋና ከተማ የሆነችው በ1699 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀድሞዋ መናገሻ የጄምስታውን የምክር ቤት ሕንፃ በ1698 ስለ ተቃጠለ ነበር መንግሥቱ ወደዚህ የተዛወረው። እስከ 1780 ድረስ ገዢዎች፣ ዳኞችና የትንባሆ እርሻ ከበርቴዎች ተሰብስበውባታል። በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ ሕዝቧ ሁለት ሺህ አይሞላም ነበር፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ጥቁሮች ሲሆኑ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በባርነት የተያዙ ነበሩ። ምግቡን የሚያበስሉት፣ ፈረሱን የሚለጉሙት፣ የጌታውን ልጅ የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው።

መናገሻው ወደ ሪችመንድ ከሄደ በኋላ ከተማዋ አንቀላፋች። በ1926 የብሩተን ደብር ቄስ የነበሩት ጉድዊን የነዳጅ ከበርቴውን ልጅ፣ ታናሹን ጆን ሮክፌለርን አግባቡና ጥንታዊቷን ከተማ የማደስ ሥራ ተጀመረ። በመቶ የሚቆጠሩ የኋላ ዘመን ቤቶች ፈረሱ፤ የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ቤቶች ታደሱ፤ ጠፍተው የነበሩትም በመሠረታቸው ላይ እንደገና ተሠሩ። በዚህ አኳኋን ከታየች ከተማዋ ራሷ ከሙታን የተነሣች ናት ማለት ይቻላል። ነገር ግን አብሮ የተነሣው ሰው ሁሉ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ለጎብኚው የሚነገረው የገዢዎቹና የአርበኞቹ ታሪክ ነበር። ጥቁር ተዋንያን የባሮቹን ሕይወት በጎዳናው ላይ ማሳየት የጀመሩት በ1979 ነው።

ከቤቶቹ ሁሉ በጣረሞት ወሬ ስሙ የገነነው የፔይተን ራንዶልፍ ቤት ነው። ራንዶልፍ የመጀመሪያው የአሜሪካ አህጉራዊ ጉባኤ ሊቀመንበር የነበረ ታላቅ ሰው ነው፤ በ1775 ሞተ፤ ቤቱም ለሚስቱ ለቤቲ ቀረ። በዚያ ቤትና በግቢው ሃያ ሰባት ባሮች ይኖሩ ነበር። ወሬው እንዲህ ይላል፦ ከእነዚህ መካከል ኢቭ የተባለች ሴት ከልጇ ተለይታ በተሸጠች ጊዜ አልቅሳ ቤቱን ረገመችው፤ ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ሰላም አላገኘም። ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋየት በ1824 ከተማዋን ሲጎበኝ እዚያው አርፎ ሳለ የማይታይ እጅ ትከሻውን ያዘው እየተባለም ይተረካል።

ኢቭ ግን የተረት ሰው አይደለችም። ስሟ በጽሑፍ ይገኛል፤ ጽሑፉ የሚናገረውም ከተረቱ የተለየ ነው። በኅዳር 1775 የእንግሊዙ ገዢ ሎርድ ዳንሞር ከከተማዋ ሸሽቶ በመርከብ ላይ ሳለ አንድ ዐዋጅ አወጣ፤ ጌቶቻቸው ያመፁባቸው ባሮች ጦር መያዝ ከቻሉና ወደ ንጉሡ ሠራዊት ከገቡ ነጻ ይወጣሉ የሚል ነበር። ዳንሞር ይህን ያደረገው ለባሮቹ አዝኖ አይደለም፤ እሱ ራሱ የባሮች ጌታ ነበር። የቸገረው ወታደር ነው። የሆነው ሆኖ ሰው ጎረፈለት። ከነዚህም የተቋቋመው ጦር «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» ተባለ። በዚያን ዘመን አውሮፓውያን ጸሐፊዎች የጥንቱን የግሪክና የመጽሐፍ ቅዱስ ልማድ ተከትለው ጥቁሩን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ስለ ነበር ነው እንጂ ከወታደሮቹ መካከል ይህችን አገር የሚያውቃት የነበረ አይመስልም። የአገራችን ስም ለማያውቁት ሰዎች ጦር መጠሪያነት፣ በማያውቋት አገር፣ ለነጻነት ሲባል መዋሉ ለአንባቢው ሳይነገር ሊታለፍ አይገባውም። ብዙዎቹ የዚህ ጦር ሰዎች ከጥይት ይልቅ በፈንጣጣ አለቁ፤ የተረፉት በ1776 አጋማሽ ከዳንሞር መርከቦች ጋር ቨርጂኒያን ለቀቁ።

በ1776 የራንዶልፍ ንብረት ሲቆጠር ወደ ጠላት ከሄዱት ባሮች መካከል የኢቭ ስም ተጽፏል። ያመለጠችው ባሏ የሞተባት እመቤት ገና ከሐዘን ሳትወጣ ነው ማለት ነው። በኋላ ተመልሳ እንደ ነበረ የሚታወቀው ዳግመኛ በመጥፋቷ ነው፤ በ1782 ኢቭን ለሚያመጣ ወሮታ የሚከፈል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጣ። ዕድሜዋ አርባ ዓመት ገደማ መሆኑ፣ መልኳና ልብሶችን ይዛ መሄዷ ተዘርዝሯል። ቤቲ ራንዶልፍ በ1780 በጻፈችው ኑዛዜ ኢቭን ለአንዲት ዘመዷ አውርሳ ነበር፤ በኋላ ባከለችበት ቃል ግን ከኢቭ ክፉ ጠባይ የተነሣ እሷን መሸጥ ግድ እንደ ሆነባት አሰፈረች። ክፉ ጠባይ የተባለው ምን እንደ ሆነ ከፍ ብሎ የተነገረውን ያነበበ ሰው ይረዳዋል።

እንግዲህ ሁለቱን ኢቮች ጎን ለጎን ማየት ነው። የፋኖሱ ኢቭ ታለቅሳለች፣ ትራገማለች፣ ሌሎች ሲያንቀሳቅሷት ትንቀሳቀሳለች፤ ኃይል የምታገኘው ከሞተች በኋላ ብቻ ነው። የመዝገቡ ኢቭ ግን በሕይወት ሳለች በሁለት እግሯ ሄዳለች፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ተረቱ ሥቃይዋን አልካደም፤ ይህ ሊመሰገንለት ይገባል። ከዓመታት የሙዚየም ገለጻ ቀድሞ በዚያ ቤት ግፍ እንደ ተፈጸመ የተናገረ ተረቱ ነው። ነገር ግን እንባዋን አስቀርቶ እርምጃዋን ወሰደባት። የሚያስፈራ ጣረሞት ሆና ትቆማለች እንጂ ጌቶቿን ጥላ የሄደች ሴት ሆና አትታይም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የጆርጅ ዊዝ ቤት አለ። ዊዝ የነጻነቱን ዐዋጅ ከፈረሙት አንዱ፣ የቶማስ ጄፈርሰንም የሕግ መምህር ነው። ወሬው በየዓመቱ ሰኔ 8 ቀን የሟቹ ዳኛ መንፈስ በመኝታ ክፍሉ ይታያል ይላል። ዊዝ በዚያ ቀን በ1806 መሞቱ እውነት ነው፤ የሞተው ግን በዊሊያምስበርግ ሳይሆን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሪችመንድ ነው። መንፈስ መንገድ አይደክመውም ካልተባለ በቀር ታሪኩ ራሱን ችሎ አይቆምም።

ወሬው የሚዘልለው ነገር ግን ከመንፈሱ ይልቅ ያስደነግጣል። ዊዝን አርሴኒክ በተባለው መርዝ እንደ ገደለው የተከሰሰው የእኅቱ የልጅ ልጅ ጆርጅ ስዊኒ ነበር፤ ወጣቱ ቁማርተኛ የሽማግሌውን ፊርማ አስመስሎ ከባንክ ገንዘብ ያወጣ ነበር። በዚያ ጠዋት ማይክል ብራውን የተባለ ነጻ የሆነ ጥቁር ወጣትም አብሮ ተመረዘና ሞተ፤ ዊዝ በኑዛዜው ከንብረቱ ድርሻ የሰጠው ልጅ ነው። በወጥ ቤት የነበረችው ሊዲያ ብሮድናክስ ናት፤ ዊዝ በ1787 ነጻ ያወጣት ወጥ ሠሪው። ስዊኒ ከቡናው ጀበና አጠገብ ሲጎዳጎድና ወረቀት ወደ እሳቱ ሲጥል ማየቷን ተናግራለች። እሷም ከቡናው ቀምሳ ታማ ለጥቂት ተርፋለች። ሆኖም የቨርጂኒያ ሕግ ጥቁር በነጭ ላይ እንዲመሰክር አይፈቅድም ነበርና ዳኞቹ ቃሏን አልሰሙም። ስዊኒ በነፍስ ግድያው ነጻ ተለቀቀ። ያን ሕግ ሲያስተምርና ሲፈርድበት የኖረው ሟቹ ራሱ ነው። ሊዲያ በ1807 ለጄፈርሰን ደብዳቤ ጽፋ ዓይኗ መድከሙን ገልጻ ርዳታ ጠይቃለች።

በዚያ ቤት የሚዞር መንፈስ ካለ የማን ሊሆን ይገባው ነበር? ለዳኛው ሌሊት ተመድቦለታል፤ ያየችውን እንዳትናገር ለተከለከለችው ወጥ ሠሪ አልተመደበላትም።

የገዢው ቤተ መንግሥት በ1781 ተቃጥሎ በ1934 እንደገና የተሠራ ነው። በ1930 መሠረቱ ሲቆፈር በአትክልቱ ሥፍራ የ156 ወንዶችና የ2 ሴቶች አፅም ተገኘ። ቤተ መንግሥቱ ከመቃጠሉ በፊት የዮርክታውን ጦርነት ቁስለኞች ይታከሙበት ስለ ነበር የሞቱት ሁሉ እዚያው ተቀብረዋል። ለእነዚህ ወታደሮች ሥፍራው ተከብሮላቸዋል፤ ይህም አግባብ ነው።

የሌሎቹ ሙታን ዕጣ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1776 ጥቁሮች፣ ባሮችም ነጻ የወጡትም፣ ተሰብስበው የራሳቸውን የባፕቲስት ማኅበር መሠረቱ። የመጠጥ ቤት ባሪያ የነበረው ጎዋን ፓምፍሌት ሰባኪያቸው ሆነ። መጀመሪያ በጫካ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር፤ በኋላ በናሶ ጎዳና ቤት አገኙ፤ ያ በ1834 በአውሎ ነፋስ ፈረሰ፤ በ1856 በጡብ ሌላ ተሠራ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የጥንታዊቷን ከተማ እድሳት የሚመራው ድርጅት ሥፍራውን ገዝቶ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰው። ማኅበሩ ወደ ሌላ ጎዳና ተዛወረ። ቦታው አስፋልት ለብሶ የመኪና ማቆሚያ ሆነ።

በመስከረም 2020 አስፋልቱ ተነሥቶ ቁፋሮ ተጀመረ። የጡቡ ቤት መሠረት ወጣ፤ ከሥሩ ከዚያ የቀደመው ቤት መሠረት ወጣ፤ ከዚያም ከ60 በላይ መቃብሮች ታዩ። መቃብሮቹ እንዲመረመሩ የጠየቁት የማኅበሩ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ከሦስቱ በተወሰደው ናሙና በ2023 የሟቾቹ ዘር ከአፍሪካ እንደ ሆነ ተረጋገጠ። ስማቸው ግን አልተገኘም። ለስልሳ ዓመታት ያህል ጎብኚዎች መኪናቸውን በላያቸው እያቆሙ የከተማዋን ታሪክ ለማየት ሲገቡ ነበር፤ ከነዚህም መካከል ማታ ማታ ፋኖሱን ተከትለው የኢቭን እርግማን ለመስማት የሄዱ ሳይኖሩበት አይቀርም።